ተማሪዎችን ወደ ሜዳ አውጥቶ ስለ ማሳደርና ስለ ማስተማር

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተጻፈ

ልጅ በሁለት ቤት ይማራል። አንደኛው ግድግዳና ጣሪያ ያለው፥ ሰሌዳ የተሰቀለበትና መጽሐፍ የሚነበብበት ቤት ነው። ሁለተኛው ጣሪያው ሰማይ፥ ምንጣፉ ሣር የሆነው፥ ዛፍና ወንዝ፥ አውሬና ኮከብ እንደ ፊደል የሚቆጠሩበት ሜዳ ነው። ቀድሞ የገጠር ልጅ በዚህ በሁለተኛው ቤት ብዙ ዘመን ይቆይ ነበርና ከብት ሲጠብቅ ዛፉን በስሙ፥ ምንጩን በጣዕሙ ይለይ ነበር። ዛሬ የትምህርት ቤት ልጅ ጧት ወደ ክፍሉ ይገባል፥ ማታ ደብተሩን ይዞ ያመሻል፤ ይህም እጅግ የሚያስመሰግን ነገር ነው። ዳሩ ግን አንዱን ቤት ሲያገኝ ሁለተኛውን እንዳያጣ የሚያስብለት ሰው ያስፈልገዋል። አያቱ የሚያውቀው የዱር ዕውቀት አብዛኛው በመጽሐፍ አልተጻፈምና፥ ልጁ ሳይቀበለው አያቱ ካለፈ ዕውቀቱ አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ተማሪዎችን በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከመንደር ጥቂት አርቆ፥ ዐርብ ከቀትር በኋላ አውጥቶ እሑድ እስኪመለሱ ድረስ ሁለት ሌሊት በድንኳን ወይም በዳስ አሳድሮ፥ የሜዳን ኑሮና ብልኀት ስለ ማስተማር እንገልጻለን። ነገሩም ሁሉ በአንድ ምክር ይጠቃለላል፤ ይኸውም መምህር ያለ ሽማግሌ፥ ሽማግሌም ያለ መምህር ልጆችን ይዞ አይውጣ የሚል ነው። ምክንያቱ ከዚህ በታች ይታያል።

፩፤ ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑ

አንዳንድ ሰዎች ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው ይላሉ። እርግጥ ነው፥ በ1907 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ሮበርት ቤደን ፓወል የተባለው የእንግሊዝ የጦር መኰንን ከባለጸጋና ከድኻ ቤት የተውጣጡ ሃያ ያህል ወንዶች ልጆችን ብራውንሲ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ወስዶ፥ ሳምንት ያህል በድንኳን አሳድሮ እሳት ማንደድን፥ ገመድ ማሰርን፥ ኮቴ መከተልን አስተማራቸው። ስካውት የሚባለው የወጣቶች ማኅበር የተጀመረው ከዚያ ነው፤ ቈይቶም በዓለም ሁሉ ተሰራጨ።

ነገር ግን የእኛ የቆሎ ተማሪ ከዚያ አስቀድሞ ስንት ዘመን ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ ተለይቶ ይሄድ ነበር። ጎጆውን በገዛ እጁ ይቀልሳል፤ እንጨቱን ይለቅማል፤ ውኃውን ይቀዳል፤ ውሻና ብርድ እየተከላከለ ምግቡን ይለምናል፤ ማታም በእሳት ብርሃን ትምህርቱን ያጠናል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ገና ልጅ ሳለ ነበር። እንዲሁም ነገሥታቶቻችን በድንኳን ከተማ ይዘዋወሩ በነበረበት ዘመን የሰፈሩ ሥርዐት እጅግ የጠነከረ ነበርና፥ ዛሬ እንደ ማዕርግ ስም ብቻ የምንሰማቸው ቃላት ከዚያ የመጡ ናቸው። ፊታውራሪ የፊት ጦር መሪ፥ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች የቀኝና የግራ ክንፍ አዛዦች፥ ደጃዝማች የደጅ አዝማች ማለት ነው። እንግዲህ ልጆችን ወደ ሜዳ ማውጣት ከሌላ አገር የተበደርነው ሳይሆን ጥለነው የነበረውን የራሳችንን ነገር ማንሣት ነው።

፪፤ ስለ ጊዜና ስለ ስፍራ ምርጫ

ለዚህ ሥራ የሚስማማው ጊዜ ክረምቱ ፈጽሞ ካለፈ በኋላ ያለው ወራት ነው። በጥቅምት ማለቂያና በኅዳር ሣሩ ገና አልደረቀም፥ ምንጩም አልጎደለም። በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ የጠራ ነው፤ ነገር ግን በደጋ አገር ሌሊት ውርጭ ይወርዳልና ለልብስ መጠንቀቅ ይገባል። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ብርዱ ከ6 ዲግሪ በላይ እንደሚጨምር መምህሩ ያስብ። በቆላ አገር ደግሞ ወባ አለና ከ2000 ሜትር በታች በሆነ ስፍራ ያለ አጎበር ልጆችን ማሳደር አይገባም። የበልግ ዝናም በሚጥልበት አገር ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ የሚያስተማምን አይደለም።

ስለ ስፍራ ምርጫ ግን አንድ በራሴ የደረሰ ነገር ልንገር። በወጣትነቴ መምህር ሳለሁ ሠላሳ ተማሪዎች ይዤ በሚያዝያ ወር ወጣሁ። ያነበብሁት መጽሐፍ ሰፈር ለጥ ያለ፥ ለውኃ የቀረበ፥ ከነፋስ የተከለለ ይሁን ይል ነበር። እኔም በአንድ ወንዝ ዳር እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ አሸዋ አገኘሁ፤ ወንዙም ለቍርጭምጭሚት እንኳ የማይሞላ ነበር። ድንኳኖቹን ተክለን ስናበቃ ከብት የሚያግድ አንድ ሽማግሌ መጥቶ ዱላውን ተደግፎ ጥቂት ካየን በኋላ፥ «የኔታ፥ ልጆቹን ከዚህ ያንሷቸው፤ ይህ የውኃ መንገድ ነው እንጂ የሰው መኝታ አይደለም» አለኝ። እኔም «አባቴ፥ ሰማዩ እኮ ጠርቷል» ብዬ መለስሁለት። እርሱም በዱላው ሩቅ ያለውን ተራራ አሳየኝ። በተራራው ራስ ላይ እንደ ጥላሸት የጠቈረ ደመና ተቀምጦ ነበር። «እዚህ ጠርቷል፤ እዚያ ግን ከቀትር ጀምሮ እየዘነመ ነው። ወንዙ የሚመጣው ከዚያ ነው» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ደክሞኝ ስለ ነበር ልቤ አልፈቀደም፤ በልጆቹም ፊት ስሕተቴን መቀበል አሳፈረኝ። ሆኖም የሽማግሌው ፊት ዕረፍት ነሣኝና ድንኳኖቹን አስነቅዬ ወደ ጉብታው ወጣን። ልጆቹ አጕረመረሙ። ሌሊት አራት ሰዓት ገደማ ከሩቅ እንደ ብዙ ከብት ግርግርታ ያለ ድምፅ ሰማን፤ ደራሽ ጎርፍ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። ጧት ብንወርድ ያ አሸዋ ያለበት ስፍራ አልነበረም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፍ የሚያውቀው ወንዝን ሁሉ በጠቅላላው እንደ ሆነ፥ ይህን አንዱን ወንዝ ግን የሚያውቀው አጠገቡ ያረጀ ሰው እንደ ሆነ ተረዳሁ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው ተረት በከንቱ አልተነገረም።

ስለዚህ ሰፈር የሚሆነው ስፍራ ከውኃ ዳር ከፍ ያለ፥ ከገደልና ብቻውን ከቆመ ረዥም ዛፍ የራቀ ይሁን፤ መብረቅ ብቻውን የቆመውን ይፈልጋልና። መምህሩ ከሽማግሌ ጋራ አስቀድሞ ሄዶ ይየው። ባለ መሬቱንም ያስፈቅድ።

፫፤ ስለ ሰፈር አሠራርና ሥርዐት

ለስምንት ልጆች ቢያንስ አንድ ታላቅ ሰው ይመደብ። ሴቶች ልጆች ከወንዶች እኩል ይውጡ፥ እኩልም ይማሩ፤ ከእነርሱ ጋራ የምታድር መምህርት ወይም የተከበረች እናት ትኑር፥ መኝታቸውም የተለየ ይሁን። ወላጆች ሁሉ አስቀድመው ተሰብስበው ነገሩ ይነገራቸው፤ ያልፈቀደ ወላጅ ልጅ አይወሰድ። የጾምና የበዓል ቀን፥ የክርስቲያኑና የእስላሙ ልጅ የጸሎት ሰዓትና ምግብ ይጠበቅ።

ልጆቹ በአራት ክፍል ቢከፈሉ መልካም ነው፤ ፊት፥ ቀኝ፥ ግራና ደጅ ተብለው ይሰየሙ። የፊቱ ክፍል መንገድ ይመራል፤ የቀኙ ውኃና እንጨት ያመጣል፤ የግራው ምግብ ያበስላል፤ የደጁ ሰፈሩን ያጸዳል፥ ይጠብቃልም። ሥራው በየቀኑ ይዘዋወር፤ ትላንት ያዘዘ ዛሬ ይታዘዝ። አለቅነትን መማር የሚቻለው መታዘዝን ከተማሩ በኋላ ነው።

ድንኳን የሌለው ትምህርት ቤት ዳስ ይሥራ። በሁለት ባላ ላይ አንድ ወራጅ ተጋድሞ ሸራ ከተጣለበት ስምንት ልጅ ያስጠልላል። ብርድ ከላይ ይልቅ ከመሬት ይነሣልና ከበታች ወፍራም ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ይነጠፍ። በዳሱ ዙሪያ ትንሽ የውኃ መውረጃ ይቈፈር።

መጸዳጃ ጕድጓድ ከውኃው ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፥ በውኃው መውረጃ በኩል ሳይሆን በጎን ይቈፈር፤ ጥልቀቱ ከአንድ ክንድ የበለጠ ይሁን። በተጠቀሙ ቍጥር አፈርና አመድ ይበተንበት፥ በሚነሡበትም ቀን ፈጽሞ ይደፈን። እጅን በሳሙና መታጠብ እንደ ትምህርት ደወል የማይታለፍ ሥርዐት ይሁን።

ጅብ ባለበት አገር የተረፈ ምግብና አጥንት በሰፈር አይደር። ልጆችም ከታላቅ ሰው ጋራ ካልሆነ በቀር ሌሊት ከሰፈር አይውጡ።

፬፤ ስለ ውኃና ስለ ስንቅ

የምንጭ ውኃ ቢጠራም ያለ መፍላት አይጠጣ። በመጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ ወይም ሻሽ ይጠለል፤ ይህም ጭቃውን ብቻ ሳይሆን አልቅትን ያስቀራል። ከዚያ በኋላ ይፍላ። በዚህ ነገር መምህሩ ለልጆቹ አንድ መልካም ትምህርት ሊሰጥ ይችላል፤ ይኸውም ውኃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በ3000 ሜትር ከፍታ ግን አየሩ ስለሚሣሣ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በደጋ አገር መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ በእሳት ላይ ይቆይ። በደጋ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገዩ እናቶች በልምድ የሚያውቁት፥ መምህሩ ምክንያቱን የሚናገርበት ስፍራ ይህ ነው።

ቀስ ብሎ በሚሄድ ወይም በቆመ ውኃ ልጆች እንዳይዋኙ ይከልከሉ። ብልሃርዝያ የሚባለው በሽታ በእንደዚህ ያለ ውኃ ከሚኖር ቀንድ አውጣ እየወጣ በቆዳ ይገባልና።

ስንቅን በተመለከተ ከአባቶቻችን የሚሻል መምህር የለም። በሶ፥ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ረዥም መንገድ ለሄዱ ወታደሮችና ነጋዴዎች የበቁ ምግቦች ናቸው፤ አይበላሹም፥ ለመሸከም ይቀላሉ፥ እሳትም አይሹም። ገብሱ አስቀድሞ ስለ ተቈላ በሶ በውኃ ሲለወስ ጭብጦ ይሆናል፥ በብዙ ውኃ ሲበጠበጥም መጠጥ ይሆናል። ልጆቹ ለመጀመሪያው ማታ በሶ ይብሉ፤ በሁለተኛው ቀን ግን ቂጣ በምጣድ ይጋግሩ፥ ወጥም ይሥሩ። ወንዱ ልጅ ሊጥ ሲያቦካ የሚስቅ ቢኖር የቆሎ ተማሪን ያስታውሱት።

፭፤ ስለ እሳት

እሳት ለመኖር ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ የሚነድ ነገር፥ ሙቀትና አየር። ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል ይጠፋል። ልጅ ይህን ከተረዳ ማንደድንም ማጥፋትንም ዐወቀ ማለት ነው። በመጀመሪያ ሦስት እርምጃ ያህል ዙሪያውን ሣሩን ነቅለው ያጽዱ። ጕልቻውን ሲመርጡ ከወንዝ ውስጥ የወጣ ድንጋይ አያድርጉ፤ በውስጡ የሰረገ ውኃ ሲሞቅ ድንጋዩ ሊፈነዳና ዐይን ሊጐዳ ይችላልና። ከሥር ደረቅ ሣር፥ በላዩ ጭራሮ፥ ከዚያ ቀጭን ከዚያም ወፍራም እንጨት፥ አየር እንዲገባበት ሳያጣብቁ ይደርድሩ። በአንድ ክብሪት ያነደደ ክፍል ይመስገን።

የቆመ ዛፍ አይቈረጥ፤ የወደቀና የደረቀ ብቻ ይለቀም። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ የቀሩት ጥንታውያን ዛፎች ብዙዎቹ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተጠበቁት ናቸውና ከዚያ ደን ጭራሮ እንኳ ሳያስፈቅዱ አይንኩ። ሲነሡ እሳቱን በውኃ ያጥፉ፥ አመዱን ያማስሉ፥ በእጃቸውም ዳስሰው መቀዝቀዙን ይመልከቱ።

አሁን የምናገረውን ነገር መምህራን ሁሉ በልባቸው ይያዙት። በተዘጋ ድንኳን ወይም ጎጆ ውስጥ ከሰል ወይም ፍም አግብቶ መተኛት ሞት ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው አየር ሽታ የለውም፥ ቀለም የለውም፥ አያስልም፤ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ብርድ ቢበረታ ልጆቹ ተጠጋግተው ይተኙ፥ ገለባም ይጨመርላቸው እንጂ እሳት ከቶ ወደ መኝታ አይግባ። በዚህ ነገር ከልማድ የተነሣ ሽማግሌ ቢከራከር እንኳ መምህሩ አይሸነፍ። ሽማግሌው የጎርፉን መንገድ እንደሚያውቅ መምህሩ ደግሞ ይህን ያውቃልና።

፮፤ ስለ ዕፅዋት

በሁለተኛው ቀን ጧት ልጆቹ ከሽማግሌ ጋራ ወደ ዱር ይሂዱ። በዚህ ጊዜ መምህሩ ከኋላ ሆኖ ደብተር ይዞ ይከተል፤ የሚያስተምረው ሽማግሌው ነው። ወይራው እንጨቱ የጠነከረ፥ ጢሱ የወተት ዕቃ የሚታጠንበት መሆኑን፤ ጽድ ምስጥ ስለማይደፍረው ለቤት ምሰሶ መመረጡን፤ ዋንዛ ለከበሮና ለቀፎ መልካም መሆኑን ይናገር። ልጆቹም ቅጠሉን ይዳስሱ፥ ልጡን ያሽትቱ፥ ስሙን ይጻፉ። በየቀበሌው ስሙ የሚለያይ ዛፍ አለና ሁሉም ስም ይጻፍ።

የሚበሉ የዱር ፍሬዎች ብዙ ናቸው፤ አጋም፥ ቀጋ፥ ኮሽም፥ እንጆሪ፥ ዶቅማ፥ ሾላ እረኞች ሁሉ የሚያውቋቸው ናቸው። ዳሩ ግን ከሚበላው አጠገብ የሚገድል ይበቅላል። ምረንዝ የሚባለው ዛፍ የአጋም ዘመድ ነው፥ ፍሬውም ሲበስል እንደ አጋም ይጠቍራል፤ ነገር ግን ከዚህ ዛፍ የፍላጻ መርዝ ይቀመም ነበር። አጋም እሾህ አለው፥ ምረንዝ የለውም። እምቧይ ብጫ ፍሬው ቢያምር መርዝ ነው፤ አስተናግርም ፍሬውን የቀመሰውን ያሳብዳል፥ ይገድላልም። የቅንጭብና የቍልቋል ወተት ዐይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። እንግዲህ ለልጆቹ የሚሰጠው ሕግ አንድ ብቻ ይሁን፤ ሽማግሌው አይቶ ያልፈቀደው ወደ አፍ አይግባ። የመድኀኒት ዕፅ ስሙና ጥቅሙ ይነገር፥ ነገር ግን ለማንም ልጅ አይሰጥ፤ መጠኑ ያልታወቀ መድኀኒት ይጐዳልና።

የአያቶች ዕውቀትና የትምህርት ቤት ዕውቀት ሲገናኙ ምን እንደሚወለድ የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክ በዚህ ስፍራ መናገር ይገባል። እንዶድን እናቶቻችን ልብስ ለማጠብ ከጥንት ጀምሮ ይጠቀሙበት ነበር። በ1964 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ የብልሃርዝያን በሽታ ለመመርመር ወደ ዐድዋ ሄዶ ሳለ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚህም የተነሣ እንዶድ በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል መርምሮ አስታወቀ። ሴቶቹ እንዶድን ያውቁ ነበር፥ ቀንድ አውጣው በሽታ እንደሚያስተላልፍ ግን አያውቁም ነበር። ሐኪሙ በሽታውን ያውቅ ነበር፥ ወንዝ ዳር ባይወርድ ግን እንዶድን ባላገኘም ነበር። ለልጆቹ ይህ በእንዶድ ቍጥቋጦ አጠገብ ቆመው ሳለ ይነገራቸው።

፯፤ አቅጣጫን ስለ መለየት

በዱር ለሚሄድ ሰው አቅጣጫን ማወቅ እንደ ዐይን ነው። አንድ ቀጥ ያለ በትር በለጥ ያለ መሬት ላይ ይተከል፤ የጥላው ጫፍ ያረፈበት በጠጠር ምልክት ይደረግበት። ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆዩ በኋላ የጥላው ጫፍ የደረሰበት በሁለተኛ ጠጠር ይመልከት። ከመጀመሪያው ጠጠር ወደ ሁለተኛው የሚሰመረው መስመር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ነው፤ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትሄድ ጥላ ወደ ምሥራቅ ይሄዳልና።

በውጭ አገር መጻሕፍት ግን በቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ያመለክታል የሚል ቃል ይገኛል። ይህ ለአውሮጳ እውነት ነው፥ ለእኛ አገር ግን ዓመቱን ሙሉ እውነት አይደለም። በአዲስ አበባ አካባቢ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት አንሥቶ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ ፀሐይ በቀትር ከራሳችን በስተሰሜን ትውላለችና ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል። ይህን ሳያውቅ መጽሐፉን ያመነ ሰው መንገዱን ገልብጦ ይሄዳል። ተማሪዎቹ በትምህርት ቤቱ ግቢ በትር ተክለው በየወሩ የቀትሩን ጥላ ቢለኩ ፀሐይ ስታልፍ በዐይናቸው ያያሉ። ካህናት ሰዓትን ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ይለዩ ነበርና ይህን የሚያውቅ አባት በቀበሌው ቢገኝ ተጠርቶ ያሳያቸው።

ሌላም ምልክት አለ። የቤተ ክርስቲያን መቅደስ ወደ ምሥራቅ ነው። የመስጊድ ቂብላ ወደ መካ ነው፤ መካም ከአገራችን መካከል ሲታይ ወደ ሰሜን ማለት ይቻላል። ስለዚህ በሩቅ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ያየ ልጅ፥ ጠጋ ብሎ ከተመለከተ አቅጣጫውን ያገኛል።

ሌሊት የሰሜን ኮከብ ይፈለግ። ይህ ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚታይበት ከፍታ አገሩ ከምድር ወገብ በራቀበት ዲግሪ ልክ ነው፤ በአዲስ አበባ 9፥ በጎንደር ከ12 በላይ፥ በአክሱም 14 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ክንድን ዘርግቶ የተጨበጠ እጅ ወርዱ 10 ዲግሪ ያህል ስለሆነ፥ የሸዋ ልጅ ኮከቡን ከአድማስ አንድ ጭብጥ ያህል ከፍ ብሎ ይፈልገው። ተራራ ወይም ጕም ከጋረደው አይታይም። በኅዳርና በታኅሣሥ ከንጋት በፊት በሰሜን ምሥራቅ እንደ ጭልፋ የተደረደሩ ሰባት ከዋክብት ይወጣሉ፤ ከጭልፋው ከንፈር ያሉት ሁለቱ ወደ ሰሜን ኮከብ ያመለክታሉ።

፰፤ ስለ እጅ ሥራና ስለ ማታ ጨዋታ

ከቀትር በኋላ ገመድ መግመድ ይማሩ። ሁለት ቃጫ ተይዞ እያንዳንዱ ወደ ቀኝ ይክረር፤ ከዚያ ሁለቱ በአንድነት ወደ ግራ ይጠምዘዙ። እያንዳንዱ ለመፈታት ሲሞክር ሌላውን ያጠብቀዋልና ገመዱ አይፈታም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውን ልጆቹ በእጃቸው ይረዱታል። በዚያ በገመዱት ገመድ የዳሳቸውን ባላ ይሰሩ፤ በቅሎ ወይም አህያ ያለው ሽማግሌ ቢገኝ ጭነት በጠፍር እንዴት እንደሚጠበቅና በአንድ ስቦ እንዴት እንደሚፈታ ያሳያቸው።

ማታ በእሳት ዙሪያ እንቆቅልሽና ተረት ይጫወቱ። ሽማግሌው የቀበሌውን ታሪክ፥ ተራራውና ወንዙ ስማቸውን ከምን እንዳገኙ ይንገራቸው። በማግሥቱ እያንዳንዱ ልጅ የሰማውን በደብተሩ ይጻፍ። መምህሩ እነዚህን ጽሑፎች ሰብስቦ በትምህርት ቤቱ ቢያኖር፥ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሌላ ስፍራ የማይገኝ የቀበሌው መጽሐፍ ይሆናል።

፱፤ ስለ አደጋ

ከመውጣት አስቀድሞ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ የት እንደ ሆነ፥ በምን እንደሚደረስ፥ ስልክ በየትኛው ጉብታ ላይ እንደሚሠራ ይጠየቅ። ልጆቹ በቀን ሦስት ጊዜ ይቈጠሩ። የጠፋ ልጅ ሲመሽበት ከመንከራተት ይልቅ በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ሦስት ሦስት ጊዜ ያፏጭ፤ ቶሎ የሚገኘው ያልተንቀሳቀሰ ነው።

እባብ የነደፈው ልጅ ቢኖር ቍስሉ አይበጣ፥ በአፍ አይመጠጥ፥ እግሩም በጠባብ ገመድ አይታነቅ። ልጁ ሳይሮጥ፥ የተነደፈው አካል በእንጨት ተደግፎ ሳይንቀሳቀስ፥ በሸክም ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። እፉኝት ሰው ሲቀርበው የማይሸሽ ነውና ልጆች እጃቸውን ከድንጋይ ሥር እንዳያገቡ፥ በረዥም ሣርም በዱላ እየነኩ እንዲሄዱ ይነገራቸው።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ በቀበሌያችሁ ካሉት ሽማግሌዎች መካከል ዱሩን የሚያውቀው ማን እንደ ሆነ ዛሬ ጠይቁ፤ ከቤቱም ሄዳችሁ በአክብሮት ለምኑት። ሽማግሌዎች ሆይ፥ ልጆቹ ፊደል ቈጥረዋልና የእኛ ነገር አይፈልጉም አትበሉ፤ የምታውቁትን የሚጽፍላችሁ እጅ በመጨረሻ ተገኝቷል። የእኔንና የሠላሳ ልጆችን ሕይወት ያተረፈው ያ ከብት ጠባቂ በማግሥቱ ከብቱን እየነዳ ሄደ፤ ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ቀረሁ። ይህ ጥፋቴ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። እናንተ ግን ስሙን ጠይቁ፥ የተናገረውንም ጻፉ።